በምሥራቁ ደረጃ የማይባለው ቃል

እስከ ዛሬ ክው እንዳልኩ ነኝ። ድንጋጤ አንድ ሰሞን ይዞሽ ይለቅሻል ብለውኝ ነበር፤ እኔን አልለቀቀኝም። ስድስት ወር አልፎት እንኳ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧ ስከፍት ድንገት ትዝ ይለኝና ውሃው በከንቱ እየፈሰሰ ደርቄ እቀራለሁ። እህቴ ከውጭ በሩን ትደበድባለች፣ እኔ አልሰማትም። በሁለት ፊደል! ማንንም ሳልገፋ፣ እጄን በማንም ላይ ሳላነሳ፣ በሁለት ፊደል ሠላሳ አንድ ሰው ደረጃ ላይ ጣልኩ።

ላወራ የተነሳሁት ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ጋሽ ቀስበሉ ነው። እሳቸውን አንስቼ ራሴን መዝለል ስለማልችል ነው የጀመርኩት በኔ።

መታወቂያቸው ላይ የተጻፈውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸውና የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ቀስበሉ ናቸው። ከስታዲየሙ በስተምሥራቅ አርባ ስምንት እርከን ያለው የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ሃያ አራት ከላይ፣ ሃያ አራት ከታች፣ መሀል ላይ አንድ ጠባብ ማረፊያ። አስተናባሪዎች እንባላለን፤ ሥራችን ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ ማድረግ ነው። ጋሽ ቀስበሉ ብርቱካንማ ሰደርያቸውን ለብሰው በዚያ ማረፊያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመዋል። ጨዋታ አልቆ ሰው ሲወርድ ፊታቸውን ወደ ሰው፣ ጀርባቸውን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው «ቀስ በሉ ወገኖቼ፣ ቀስ በሉ፤ ደረጃው የትም አይሄድም» ይላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ደጋፊው ነው።

ስም ደግሞ ሲገጥም እንዲህ ነው። ሲበሉ ቀስ፣ ሲቆጡ ቀስ፣ ሲያነጥሱ እንኳ ቀስ ብለው ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሁላችንንም ሰደርያ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። በሠርጋቸው ቀን ሙሽራው የት ቀረ ተብሎ ሰው ቢላክ፣ ከመኪናው ወርደው አጃቢዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ በአጥሩ በር ሲያሳልፉ ተገኙ ብለው ያጫውቱናል። ያኔ እንኳ አስተናባሪ አልነበሩም። የተቀጠሩት የመቀመጫ ቁጥር ሊቀቡ ነው። አንድ እሑድ አንዱ አስተናባሪ ቀረ፣ ቀለም የነካካ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሰደርያ አለበሷቸው። የአንድ ቀን ሰደርያ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቁትም።

ከጨዋታ በፊት አርባ ስምንቱንም እርከን በእግራቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የጠርሙስ ክዳን ይለቅማሉ፣ የተሰነጠቀውን እርከን በጠመኔ ያከብባሉ፣ የብረት መደገፊያውን እየነቀነቁ ይፈትሻሉ። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ላይ እጅ እንድዘረጋ አይደለም፤ የሰው እጅ እንድመለከት ነው። «እጁ ወደ ደረቱ የወጣ ሰው ካየሽ ቦታ አጥቷል ማለት ነው» ይሉኛል። «ያኔ ከላይ ያሉትን አቁሚ። ከታች ያሉትን አትንኪያቸው፣ ይውረዱ።» አንዴ የስታዲየሙ መሐንዲስ ሥልጠና ሊሰጠን መጥቶ ሰውን በሰማያዊ ቀስት እየሳለ፣ ሕዝብ ልክ እንደ ውሃ ይፈስሳል አለን። ጋሽ ቀስበሉ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ውሃ ብትጠራው አይዞርም። ሰው ይዞራል» አሉት። መሐንዲሱ ፈገግ ብሎ ሥዕሉን ቀጠለ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሥራ በጀመርኩ ቀን ወደ ማረፊያው ወሰዱኝና ግራ ቀኝ አይተው «በዚህ ግቢ አንድ ቃል አለ» አሉኝ። «ያ ቃል የኳሱ ነው፤ እኛ አንነካውም።»

«የቱ ቃል ጋሼ?»

ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። «ገባ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። «አምቡላንስ ከመጣ ‹ደርሷል› ትያለሽ። ዳኞቹ ከመጡ ‹ውስጥ ናቸው› ትያለሽ። ጨዋታ እየተካሄደ ያ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። እዚህ ደረጃ ላይ ያ ቃል ከተሰማ ሰው ጎል ነው ብሎ ይዞራል። የዞረ ሰው ደግሞ ደረጃ አያይም።»

«ገባኝ» አልኩ።

ፊታቸው ጭምድድ አለ። «እሱንም ተይው» አሉ። «‹ተረድቻለሁ› በይ።»

ከኔ በፊት፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው አሉ፣ አንዱ አስተናባሪ ስለዘገየ አውቶቡስ ሲያወራ ያንን ቃል ጮክ ብሎ ተናግሮ ሃምሳ የሚሆን ሰው በር ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ጉዳዩን ያስተዋሉት ጋሽ ቀስበሉ ብቻ ነበሩ። ለአለቃችን ደብዳቤ ጻፉ፤ ቃሉ በሥራ ላይ እንዳይባል በደንብ ውስጥ ይግባልን ብለው። አለቃው «ኳሱ ሳያንሰን ሰዋስው ልናስተምር ነው?» ብለው ሳቁና ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ተኛ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በአፍ ብቻ ነው የሚያስተምሩት፣ አንድ አንድ ሰው እየጠሩ፣ በሹክሹክታ።

እኛ ደግሞ ቀለድንባቸው። ከሁሉም እኔ። ምሳ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ እትዬን አገቡ ነው የሚባለው ወይስ ደረሱ?» እላቸዋለሁ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሳቸው ጉርሻቸውን ቀስ ብለው አላምጠው ይውጡና «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከእግርሽ ይፈጥናል፤ አንድ ቀን ያደናቅፍሻል» ይሉኛል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረቅኳቸው። ቃሉን ግን ሥራ ላይ አልተናገርኩትም፤ ይህን ልመሰክር እችላለሁ።

እስከዚያ እሑድ ድረስ።

ቡድናችን አንድ ለዜሮ እየተመራ ነበር። ሰማንያኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ተስፋ የቆረጠው ደጋፊ መውረድ ጀመረ፤ አራት መቶ ሰው ያህል ደረጃው ላይ አለ። እኔ ከደረጃው ግርጌ፣ አምቡላንስ የሚያልፍበት የጎን በር ላይ ነኝ። ከታችኛው መቀመጫ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፣ አምቡላንሱ ደግሞ ውጭ በቆሙ ሚኒባሶች ተዘግቶ መላወሻ አጥቷል። የእጅ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ወጣሁና «ባለ ነጩ፣ ወደ ኋላ! አንተ፣ መሪውን ጠምዝዝ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ጋሽ ቀስበሉ በሬዲዮ አራት ጊዜ ጠየቁኝ። «መኪናው ምን ደረሰ የኔ ልጅ? ሰውየው ከንፈራቸው ነጥቷል ይላሉ። ምን ደረሰ?» እኔም እሳት ሆኜ ሚኒባሱን በእጄ እገፋዋለሁ፤ ሚኒባስ በእጅ ይገፋል ብዬ!

በመጨረሻ ባለ ነጩ ሸርተት አለልኝ። አምቡላንሱ ሳይረኑን እያስጮኸ የፊት ጎማውን በበሩ አሳለፈ። የደስታዬን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሬዲዮው በግራ እጄ፣ ድምፅ ማጉያው በቀኝ እጄ፣ ሁለቱም አፌ ላይ፣ የሁለቱም ቁልፍ እንደተጫነ፣ ያለ የሌለ ትንፋሼን አውጥቼ፦

«ገባ! ገባ! ገባ!»

ድምፄ ከመቀመጫዎቹ በታች ካለው ጣሪያ ጋር ተላትሞ በደረጃው ሽቅብ ወጣ። ከዚያ በሌላ ሰው አፍ ተመለሰ፤ «ገባ! ገባ!» በታችኛው እርከን ያሉ ሁለት ሰዎች ተቃቀፉ። አንዱ ኮፍያውን ወረወረ። አሁን የምናገረውን ማንም አያምነኝም፤ እኔም ደስ አለኝ! አቻ ሆንን ብዬ አንገቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ። የራሴን ቃል ከሰው አፍ ሰምቼ እኔው ራሴ ዞርኩ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ማነው ያለው?» የጋሽ ቀስበሉ ድምፅ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። «ያንን ቃል ማነው ያለው?»

ቀና ብዬ ደረጃውን ሳይ ከታች ያለው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ እየሮጠ ነው፤ ጎሉን ሊያይ። ከላይ ያለው ምንም አልሰማምና ወደ ታች እየወረደ ነው። መገናኛቸው ማረፊያው ላይ ነው። ጋሽ ቀስበሉ የቆሙበት።

ማጉያውን መልሼ አፌ ላይ ደገንኩና «አልገባም! አልገባም!» አልኩ። ይሄ ይባስ! በዚያ ጫጫታ ውስጥ ‹አል› የምትለዋን ማን ይሰማታል? የሰሙት የፈለጉትን ብቻ ነው፤ ጩኸቱ በእጥፍ ጨመረ። እጆች ወደ ደረት ሲወጡ አየሁ። አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ቀስበሉ እንደነገሩኝ፣ ልክ እንደዚያው።

«ቃሉን ተይው!» አሉ በሬዲዮ። «አትንኪው! ሌላ ቃል በይ! ‹ቁሙ› በይ! ቁሙ!»

«ቁሙ!» አልኩ። «ቁሙ! ቁሙ! ቁሙ!» ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። ከታች ያሉት ቀስ በቀስ ቆሙ፤ አንዳንዱም ወደ ኋላ ወረደ። በመሀሉ ሬዲዮዬ ጭጭ ማለቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ማረፊያው ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ወድቃ ነበር። ሰው እንዳይረግጣት ጋሽ ቀስበሉ በእጃቸውና በጉልበታቸው ተደግፈው ከላይዋ ሆነው ሸፈኗት። ከዚያ ሰው በላያቸው ላይ ወደቀ፣ በእሱም ላይ ሌላ ሰው። ስንደርስ ሴትየዋ መነጽሯ እንኳ አልተሰበረም። እሳቸው ግን አምስት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል፣ ጉሮሯቸው በአንድ ሰው ጉልበትና በብረት መደገፊያው መሀል ተጨፍልቋል። ዓይናቸው ተገልጦ ያየኛል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በከንፈራቸው ነው ያነበብኩት። «ቀስ በሉ።» ቃሬዛ የያዙትን ሰዎች ነው!

የወሰዳቸው ያው እኔ ያስገባሁት አምቡላንስ ነው። ሽማግሌውስ አትሉኝም? ፀሐይ ነው የመታቸው፤ ውሃ ጠጥተው ተነሱና ጃኬታቸውን አራግፈው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህን ስሰማ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ቁስለኛ፤ የተሰበረ እግር፣ የወለቀ ትከሻ። የሞተ የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን ስንት ጊዜ ለራሴ እደግመዋለሁ መሰላችሁ።

ሰኞ አለቃው ጠርተው «ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። አየሁ ያልኩትን ጻፍኩ፤ ሰው ተገፋፋ፣ ሰው ወደቀ። የተናገርኩትን ግን አልጻፍኩም። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማታ ለእህቴ ነገርኳት፤ ፀጉር ሠሪ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሰማሽ?» አለች።

«ሁሉም ሰምቷል። በዚያ ጫጫታ የኔን ድምፅ የለዩት ግን ጋሼ ብቻ ናቸው።»

«እሳቸው ደግሞ መናገር አይችሉም» አለች። አለችና የገዛ አነጋገሯ አስደነገጣት መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ያዘች። ትንሽ ቆይታ «ቢሆንም አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። «ዛሬ ጠጉሯን የሠራኋት ልጅ ወንድሟ እግሩ ተሰብሯል። ያደረገውን ባገኘሁት እያለች ስትዝት ነው የዋለችው። ሰምተሻል? አፍሽን ዝጊ።»

ዘጋሁት። ረቡዕ የሪፖርቱ ረቂቅ ሲነበብልን እንኳ ዝም አልኩ። መንስኤ፦ የደጋፊዎች ሥርዓት አልበኝነት። መፍትሔ፦ በምሥራቁ ደረጃ ማረፊያ ላይ የሚቆለፍ የብረት በር ይሠራል፤ ሁከት ሲነሳ ይዘጋል። የሚቀጥለው ጨዋታ በአሥር ቀን ውስጥ ነው፤ በሩ ከዚያ በፊት እንዲደርስ ብረት ሠሪው ልኬቱን ወስዷል። ቆሜ አሰብኩት። ያን ቀን በሩ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ! ከላይ የሚወርደው በምን ያልፋል? እጅ ደረት ላይ ወጥቶ፣ ፊት ለፊት ብረት።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። «እለፊ የኔ ልጅ፣ እለፊ» አሉና አቅፈው ሳሙኝ። ዓይናቸው አብጧል። «እነዚያ ስድ አደግ ደጋፊዎች ምን እንዳደረጉት ተመልከች» አሉኝ። ጋሽ ቀስበሉ ጉሮሯቸው በፋሻ ታስሯል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ጭናቸው ላይ አለ። ስለ ብረቱ በር ነገርኳቸው፤ ሌላ ወሬ ስላጣሁ ነው። ዓይናቸው ተጎልጉሎ ሊወጣ ደረሰ። ደብተሩን ነጥቀው ጻፉ፤ እኚያ ቀስ የሚሉ ሰው ፊደላቸው በጥድፊያ ተንጋዷል።

«በሩ ከተሠራ ሰው ይሞታል።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ዓይኔን ከደብተሩ አነሳሁ።

«ምንድነው የሚጠይቅሽ?» አሉ ባለቤታቸው።

አፌ ይቀድመኛል ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልቀደመኝም፣ በግድ ጎተትኩት። «ደጋፊው አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ። ያንን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። የጀመሩትን ብርድ ልብስ ማጠፍ ቀጠሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። «ሃያ ስድስት ዓመት» አሉ በቀስታ። «ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር፣ አሥራ ሁለቱን እቤታችን ውስጥ ያንን ቃል አንለውም። ምላሴ እንዳይለምደው እያለ። ልጃችንን ስንድር ሙሽራው ‹ደረሰ› ነው ያልነው፤ ሚዜዎቹ ሳቁብን። አንቺም እኮ ነበርሽ፣ አንቺም ስትስቂ ነበር።» ነበርኩ። ሳቄንም አስታውሰዋለሁ። «ውጪልኝ» አሉ።

ልወጣ ስል ጋሽ ቀስበሉ በእስክሪብቶው የአልጋውን ብረት መቱ፤ ደረጃው ላይ መደገፊያውን ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት፣ ጣ ጣ ጣ። ደብተሩን አዞሩልኝ። ቁጣ አልጻፉም፣ ይቅርታም አልጻፉም። «ለነሱ ንገሪያቸው። በሩን አስቁሚ።» ይኼው ነው።

ዓርብ ስብሰባው በሦስተኛ ፎቅ ነበር። ጠረጴዛው በረጅሙ ተዘርግቷል፣ ከኋላው ሜዳውን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት። አለቃው፣ መሐንዲሱ፣ የደጋፊዎች ተወካይና ጸሐፊዋ መስኮቱን ጀርባቸው አድርገው ተቀምጠዋል፤ እኔ ፊት ለፊታቸው በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«ደጋፊው አይደለም ጥፋተኛው» አልኩ። «አንድ ቃል ነው ሰዉን ያዞረው። ተናጋሪዋም እኔ ነኝ።»

መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ። «አራት መቶ ሰው በአንድ ቃል? የሰው ፍሰት እንዲህ በቃል አይመለስም።»

«የቱ ቃል?» አሉ አለቃው።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። በዚያች ሁለት ፊደል ውስጥ የጋሼ አንገት፣ ያ ሁሉ እጅ፣ ያ ኮፍያ ተጠቅልሎ ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረ። አለቃው ሰዓታቸውን አዩ። «ደንግጠሻል፤ አይፈረድብሽም። ተቀመጪ» አሉና ወረቀቱን ወደ ተወካዩ ገፋ አደረጉት። ሰውየው ሊከራከር ሲል ነገሩ ተወስኗል አሉት። ወሬው ወደ በሩ ቀለም ዞረ። ግራጫ ይሁን ወይስ ጥቁር! አለቃው ራሳቸው እስክሪብቶውን አነሱ፣ ጫፉ ወረቀቱን ነካ።

አስቤበት አይደለም። እግዜር ያውቃል፣ አስቤበት አይደለም። ያው አፌ ነው፤ እንደዚያ እሑድ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከሆዴ ተነስቶ፦

«ገባ!»

አራት ማጅራት አየሁ። የአለቃው፣ የመሐንዲሱ፣ የተወካዩ፣ የጸሐፊዋ፤ አራቱም ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ተወካዩ ጭራሽ ከወንበሩ ብድግ ብሏል። ታች ሜዳው ላይ አንድ ሰውዬ በጎማ ሣር ያጠጣል። ኳስ የለም፣ ተጫዋች የለም፣ ዓርብ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ የተመለሰችው ጸሐፊዋ ነበረች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በስመአብ» አለች። አለቃው እስክሪብቶውን የጣሉት ወለል ላይ ነበር። ዝቅ ብለው ፈለጉት፣ አላገኙትም፤ ወይ ቀና ማለት አልፈለጉም። መሐንዲሱ ሣር አጠጪውን እያየ ቀረ።

«እኔ እኮ ዞርኩ» አለ፤ ለራሱ ነው የሚያወራው። «እኔ እኮ ኳስ አልወድም።»

ጸሐፊዋ ማንም ሳያዛት ተነስታ ከመዝገብ ቤት አንድ የደበዘዘ ፋይል ይዛ መጣች። የጋሽ ቀስበሉ ደብዳቤ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ያኔ ፋይል ያደረገችው እሷው ናት። ኅዳጉ ላይ «ታይቷል» የሚል አለ፣ ከሥሩ የአለቃው ፊርማ። አለቃው አነበቡት። ድጋሚ አነበቡት። ከዚያ ረቂቁን ለሁለት ቀደዱትና ለጸሐፊዋ «አዲስ ወረቀት አምጪ» አሏት። የብረቱ በር በዚያው ቀረ። እኔ ከደረጃው ተነስቼ የጠፋ ዕቃ ክፍል ተመደብኩ፤ ሬዲዮ እንዳልነካ ተጽፎብኛል። ልክ ናቸው፣ ቅር አላለኝም። የተጎዱት ቤትም አንድ በአንድ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዱ አስወጥቶኛል፣ አንዳንዱ አስቀምጦኛል።

በማግስቱ ሆስፒታል ስሄድ እትዬ በሩን ከፍተው አዩኝና «እለፊ» አሉኝ። ‹የኔ ልጅ› የለችበትም። የጋሼ ፋሻ ተፈትቷል። ሐኪሙ ሹክሹክታ ብቻ ፈቅዶላቸዋል፤ ድምፁ ይመለስ እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱን አድበስብሶ ነው የወጣው።

አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዞሩ?» አሉኝ። እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው ከአፋቸው የወጣው።

«ዞሩ።»

«አለቃውም?»

«እሳቸው ከሁሉም ቀድመው።»

ሳቁ። የተሰበረ ጎናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እንባቸው ወረደ፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አላወቅኩም። እትዬ መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን። እኔም እንባዬ መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ የቀለድኩት ሁሉ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ተደረደረ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «አሁን ገባኝ።»

ወዲያው ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ከመስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ቀስበሉ አንድ ጣታቸውን ቀስ ብለው አነሱና ያን ጊዜ ማረፊያው ላይ እንዳሉኝ «እሱንም ተይው» አሉኝ።

ድምፃቸው ከአልጋው ጫፍ አላለፈም።